በአንድ መኪና የመጡ ከሳሽና ተከሳሽ

ከሳሽና ተከሳሽ ወደ ፍርድ ቤት የሚመጡት በአንድ መኪና ነበር። መኪናው የተከሳሹ ነው፤ ከኋላው ብረትና የብየዳ ዕቃ የማይጠፋበት አሮጌ ፒክአፕ። ከሳሿ ከፊት ትቀመጣለች፤ ቀኝ እጇ ስለማይታዘዝላት ተከሳሹ ጎንበስ ብሎ ቀበቶዋን ያስርላታል። ከፍርድ ቤቱ በር አንድ መታጠፊያ ሲቀር ያወርዳታል። እሷ ትቀድማለች፣ እሱ መኪናውን አቁሞ ትንሽ ከቆየ በኋላ እንደማያውቃት ሆኖ ይከተላል። ይህን ያዘዘችው የከሳሽ ጠበቃ ናት። “ተያይዛችሁ ስትገቡ ያየ ሰው ምን ይላል? ክስ ነው ወይስ ሽርሽር?” ብላቸዋለች።

እህትና ወንድም ናቸው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬ ፂሙ ሸብቶ፣ የልጆች አባት ሆኖ እንኳ “ማሙሽ” ነው የምትለው። እሱም “እታለም” ይላታል፤ ሌላ ስም እንዳላት የሚያስታውሰው ወረቀት ላይ ሲያየው ብቻ ነው። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፣ እሱ ብረት በያጅ።

እታለም ንጽሕና የምትወድ ሴት ናት ማለት ባሕር ውሃ አለው እንደ ማለት ነው። ትወለውላለች። ጠረጴዛ ትወለውላለች፣ መስኮት ትወለውላለች፣ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ የወለወለችውን መልሳ ትወለውላለች። እሷ ቤት ብዙ ከተቀመጥክ አንተንም ትወለውልሃለች እያሉ ዘመዶቿ ይስቁባታል።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። የእታለም ስፌት ቤት ምድር ቤት ነበር፤ ሥራው ሲሰፋላት ፎቁን ጨምራ ተከራየች። ደረጃው መደገፊያ ስላልነበረው ማሙሽ ሠርቶ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶ አመጣላት። መትከሉ ላይ ሳለ፣ አንድ ቋሚ ሲቀር፣ መብራት ጠፋ። ቋሚውን ለጊዜው እንዲይዝ ያህል ብቻ ነካ ነካ አድርጎ በይዶት ነበር። እንዲህ ያለ ብየዳ ለዓይን ያለቀ ይመስላል፤ ሰው ሲደገፍበት ግን አይችልም።

ማሙሽ ያላለቀ ነገር ትቶ ሲሄድ በነጭ ጠመኔ መስቀል ያደርግበታል። ከጀማሪነቱ ያመጣው ልማድ ነው። በማግስቱ ሲመለስ የሚያየው መስቀሉን ነው፤ መስቀል ያለበትን ይጨርሳል፣ የሌለበት ያለቀ ነው። በአንድ ሕንፃ ላይ ስንትና ስንት መገጣጠሚያ አለ፤ ሁሉንም በጭንቅላቱ ይዞ የሚዞር በያጅ የለም። በማግስቱ መብራት ሲመጣ ተመለሰ፣ ደረጃውን እያየ ወጣ፣ እያየ ወረደ። መስቀል የሚባል የለም። እንግዲያው ጨርሼው ነበር ማለት ነው አለና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት እታለም የጨርቅ ጥቅል ታቅፋ ስትወርድ ቋሚውን ተደገፈችው፤ ተነቅሎ ይዟት ወደቀ። አጥንቷ ተጠገነ። የእጇ ነርቭ ግን ተጎድቶ ቀረ፤ ጣቶቿ መርፌ ቢወጋቸው አያውቁም። ሐኪሙ ሌላ ቀዶ ጥገና ተደርጎ፣ ረጅም ሕክምናም ተጨምሮበት ስሜቱ ሊመለስ ይችላል አላት። ወጪው ግን እህትና ወንድም ቤታቸውን ቢሸጡ የሚደርሱበት አልነበረም።

ማሙሽ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቁጭ ባለበት እጁ አስታወሰ። ጠመኔው፣ ጥቁሩ ብረት፣ አንድ ወዲህ አንድ ወዲያ። መስቀሉን አድርጎ ነበር። ጠመኔ ደግሞ እግር አውጥቶ አይሄድም። ማን እንደወለወለው ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም፤ እታለም ቆሻሻ መስሏት ነው። ይህን ባወቀ ቅጽበት ማዘን ወይም መናደድ ነበረበት። አንዱም አልመጣም። ጥርስ ሐኪም ዘንድ አደንዝዘውት እንደተነሣ ሰው ሆነ፤ ከንፈሩ የራሱ ነው፣ ግን የራሱ አይመስለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይበላል፣ ይሠራል፣ ልጆቹ ሲያስቁት ይስቃል፤ ምኑም ግን አይሰማውም። ሌሊት እንቅልፍ አያጣም። ይህ ራሱ ያሳስበው ነበር፤ በቅጡ ማሳሰቡንም እርግጠኛ አልነበረም።

ክሱን ያመጣችው ጠበቃዋ ናት። የፍርድ ቤት ካባዋን የምትሰፋላት እታለም ስለሆነች ሆስፒታል ልትጠይቃት መጥታ ነገሩን ሰማች። ማሙሽ ኢንሹራንስ ነበረው፤ ሥራ የሚሰጠው ትልቁ ኮንትራክተር “ኢንሹራንስ ከሌለህ ደጄን እንዳትረግጥ” ብሎት በግድ የገባው ነው። በሥራው ሰው ተጎድቶ ፍርድ ቤት ኃላፊ ነህ ካለው ካሳውን ኢንሹራንሱ ይከፍላል። ጠበቃዋ ሁለቱን ስፌት ቤቱ ውስጥ አስቀምጣ እንደ ተማሪ አስረዳቻቸው።

“እኔ ማሙሽን ልከስ?” አለች እታለም። “ምን በወጣኝ!”

“ከሳሽ ማለት ቂም የያዘ ሰው አይደለም። ተጎድቻለሁ፣ ልካስ የሚል ነው። ተከሳሽም ወንጀለኛ ማለት አይደለም። ይሄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ማንም አይታሰርም።”

“ታዲያ ምን ብዬ ነው የምከሰው?”

“ሦስት ነገር እናሳያለን። እሱ ጥፋት መሥራቱን፣ አንቺ ጉዳት እንደደረሰብሽ፣ ጉዳቱም የመጣው ከዚያ ጥፋት መሆኑን። በመካከላችሁ ውል ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም፤ ሰውን የጎዳ ይክሳል።”

“ጥፋት ስትዪ ኃጢአት ማለትሽ ነው?”

“ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ ተዪለት። እዚህ ጥፋት ማለት ጠንቃቃ ሰው የሚያደርገውን ሳያደርጉ መቅረት ነው። ቸልተኝነት ይበቃል።”

ማሙሽ ቸልተኝነት የምትለዋን ቃል በልቡ ደገማት። ሙያው ውስጥ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ምንም አልተሰማውም።

“ደግሞ እንዲህ ብለው ይመጡብናል” አለች ጠበቃዋ፣ “ተጎጂዋ ራሷ አስተዋጽኦ አላት ይላሉ። ከተሳካላቸው ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል፤ ሕክምናውንም እርሺው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ስለ አደጋው እርስ በርስ አትነጋገሩ። ተመካክረው ነው እንዳይሏችሁ።”

እታለም በግራ እጇ ጠረጴዛውን እየወለወለች ነበር። ጨርቁ ቆመ። ወዲያው መወልወሏን ቀጠለች፤ ማሙሽ ግን አይቷል። አትነጋገሩ መባላቸው ለሁለቱም እፎይታ ሆነ። ሕግ ካዘዘማ ምን ይደረጋል! በመኪናው ውስጥ ስለ ዝናብ አወሩ፣ ስለ መንገዱ ጉድጓድ አወሩ፣ ስለ ልጆቹ ፈተና አወሩ።

ለማሙሽ ደግሞ ኢንሹራንሱ የራሱን ጠበቃ አቆመለት። ከረሜላ ካፉ የማይጠፋ፣ ጎበዝ ሰው ነው፤ ችግሩም ጉብዝናው ነበር።

“ሥራ ሳይጨርሱ ሲሄዱ በጠመኔ ምልክት እንደሚያደርጉ ሰምቻለሁ” አለው ቢሮው አስቀምጦ። “ኮንትራክተሩ ሊመሰክርልዎት ፈቃደኛ ነው። ያን ቀንስ አድርገው ነበር?”

“አላስታውስም።”

“ያስታውሱ እንጂ! ምልክት ካደረጉ ያጠፋው ሰው አለ። እዚያ ቤት ውስጥ ማን ነው የሚያጸዳው? ይገባዎታል? ጉዳዩን የምናሸንፈው እዚህ ላይ ነው። የእኔ ሥራ እርስዎን ማዳን ነው።”

“ከማን?”

“ከከሳሽ ነዋ!”

“ከሳሽ ታች መኪና ውስጥ እየጠበቀችኝ ነው” አለ ማሙሽ። “ምሳ አብረን ነው የምንበላው።”

ጠበቃው ከረሜላውን ከአንድ ጉንጩ ወደ ሌላው አዞረ።

እንግዲህ ጣጣው ይህ ነበር። መስቀሉን አድርጌያለሁ ካለ ስሙ ይተርፋል፣ የእታለም እጅ ግን እንደሞተ ይቀራል። አላደረግኩም ካለ እጇ ይታከማል፤ እሱ ግን ያላለቀ ብረት ያለ ምልክት ጥሎ የሄደ በያጅ ተብሎ በፍርድ ይጻፍበታል። ሌላ ሰው ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያድር ነበር። ማሙሽ ተኛ።

የምስክር መስሚያው ቀን ችሎቱ ጠባብ ነበር። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ዘይት ቀለም የተቀባ፣ ከዚያ በላይ የተላላጠ ነው። የጣሪያው ማራገቢያ ይዞራል እንጂ አያናፍስም። ኮንትራክተሩ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዳኛዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። አስቀድመው ከሳሿን ጠየቁ።

“የደረጃውን መደገፊያ ያጸዱት ነበር?”

“ቤቴን አጸዳለሁ፣ ክብርት ዳኛ።”

“በብረቱ ላይ የጠመኔ ምልክት አይተዋል?”

እታለም ጠበቃዋን አላየችም፣ ማሙሽንም አላየችም። የምታየው የጠበቃዋን ካባ ጠርዝ ነበር፤ ራሷ የሰፋችው ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ክሩ መተርተር ጀምሯል።

“አላስታውስም” አለች።

ከዚያ ተከሳሹ ተጠራ። ማለ። ባለ ከረሜላው ጠበቃ ካባውን አስተካክሎ ተነሣ። በመጀመሪያ ስለ ሙያው ጠየቀው፣ ቀጥሎ ስለ ልማዱ። ጠመኔው የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር ጠየቀው። መሬቱን እንዲህ አለስልሶ ሲጨርስ የዘሩን ጥያቄ ጣለ።

“በዕለቱ ያላለቀው ቋሚ ላይ ምልክት አድርገው ነበር?”

“አላደረግኩም።”

ከረሜላው ቆመ። “ሁልጊዜ አደርጋለሁ አላሉም እንዴ፣ አሁን?”

“ሁልጊዜ አደርጋለሁ። ያን ቀን ረሳሁ።”

ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። “የሚናገሩት በራስዎ ላይ እንደሆነ ተረድተዋል?”

“ተረድቻለሁ፣ ክብርት ዳኛ።”

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ኮንትራክተሩ ነው፤ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ማሙሽ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይነቃነቅ እንደሆነ ጠበቀ። ስሙን በገዛ አፉ ቀብሮ፣ በሐሰት ምሎ መቆሙ ነው፤ ቢያንስ ጉልበቱ እንኳ ሊንቀጠቀጥ ይገባ ነበር። ማራገቢያውን አየ፣ የተላላጠውን ቀለም አየ። እዚያ ጋ በደንብ ሳይፍቁት ነው የቀቡት አለ በልቡ። ሌላ ነገር አልመጣለትም።

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ስለ ዝናብም አላወሩም። ቤቷ በር ላይ ቀበቶዋን ፈታላት፣ ወረደች።

ውሳኔው የተነበበ ዕለት ዳኛዋ ረጅሙን ወረቀት ከላይ እስከ ታች በዝግታ አነበቡት። ተከሳሽ ሙያው የሚጠይቀውን ጥንቃቄ አላደረገም። ያልተጠናቀቀ ሥራ ያለ ምልክት ትቶ መሄዱን ራሱ አምኗል። ከሳሽ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ማድረጓ አልተረጋገጠም። ስለዚህ ተከሳሽ ኃላፊ ነው፤ የሕክምናውን፣ ከሥራ የቀረችበትንና የሞራል ካሳውን ኢንሹራንሱ ይክፈል። ጠበቃዋ የእታለምን ትከሻ ጨበጥ አደረገች። የተደሰተ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት።

ወሬ እግር አለው። ኮንትራክተሩ “ለጊዜው ሌላ ሰው ይዣለሁ” አለው፣ ዓይኑን እያሸሸ። በር ያዘዘው አንድ ደንበኛም ስልክ ማንሣት ተወ። ማሙሽ እሺ አለ። ለሚስቱም ሥራ ቀዝቅዟል አላት። እውነቱን ከነገራት ታለቅሳለች፤ እሷ እያለቀሰች እሱ ጎኗ እንደ ግንድ መቀመጡ ነው የከበደው።

ክሱ እስኪያልቅ ማስረጃ ነው ተብሎ የተሰበረው ቋሚ በገመድ ታስሮ ነበር የቆየው። ጠበቃዋ አሁን ልታስጠግኑት ትችላላችሁ አለች። በአንድ ከሰዓት ማሙሽ የብየዳ ማሽኑን አውርዶ ወደ ስፌት ቤቱ ገባ። እታለም ብቻዋን ነበረች፤ ሆስፒታል የምትገባበትን ሻንጣ እያዘጋጀች ነው። ቤቱ እንደወትሮው መስታወት ሆኗል። ጠረጴዛው ያብረቀርቃል፣ የመስፊያ መኪኖቹ ያብረቀርቃሉ።

ደረጃውን ለመውጣት መደገፊያውን ሲይዝ መዳፉ አቧራ በአቧራ ሆነ። እጁን አየው። ወደ ላይ አየ። ጥቁሩ ብረት ከላይ እስከ ታች ግራጫ ለብሷል። በዚያ ቤት አቧራ ያለው እዚያ ብቻ ነበር።

“እታለም፣ ይሄን ብረት አትወለውይውም እንዴ?”

ከታች ቆማ፣ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ደግፋ ታየዋለች።

“ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም” አለች። “ምልክት አድርገህ ነበር፣ ማሙሽ።”

“ረስቼ ነበር አልኩኮ።”

“እዚያ የነገርካቸውን እኔ ፊት አትድገመው። መስቀል ነበር። ይሄ ወዲህ፣ ይሄ ወዲያ።”

ለዚህች ቀን ብሎ መልስ ካዘጋጀ ቆይቷል። “እሺ፣ ነበር። ቆሻሻ መስሎሽ ነው የወለወልሽው። አንቺ ምን ታውቂያለሽ! በቃ፣ አልፏል።”

“ቆሻሻ አልመሰለኝም።”

ማሙሽ ጓንቱን ማጥለቅ ጀምሮ ተወው።

“ጠመኔ የማላውቅ እኔ ነኝ? ቀኑን ሙሉ በጠመኔ ስቆርጥ የምውል! አውቄዋለሁ። ሙሽራ ልብስ ልትለካ እየመጣች ነበር፣ ከእነ ቤተሰቧ። ጥቁር ብረት ላይ ነጭ መስቀል አስጠላኝ። ላጥፋውና ነገ ማሙሽ ሲመጣ ይሄኛው ነው እለዋለሁ አልኩ። መጣህ። እኔ ተንበርክኬ የደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ በስፒል እየያዝኩ ነበር። ‘ጨርሻለሁ፣ ደህና ዋይ’ ስትለኝ አፌ ሙሉ ስፒል ነው። እጄን አወዛወዝኩልህ። በኋላ እደውልለታለሁ አልኩ፣ ረሳሁት።”

ማሙሽ መጀመሪያ የሰማው በጆሮዎቹ ነው፤ ጋሉ። ከዚያ አንገቱ ጋለ፣ ከዚያ ደረቱ።

“ታውቂ ነበር” አለ።

“አውቅ ነበር።”

“ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነሽ ‘አይዞህ ማሙሽ፣ አንተ ምን ታደርግ’ ስትዪኝ ታውቂ ነበር!”

“አውቅ ነበር።”

“ዓመት ሙሉ!” ድምፁ ከየት እንደመጣ አላወቀም። እታለም ላይ በዕድሜው ጮኾ አያውቅም፤ ልጅ ሆኖ እንኳ የሚያለቅሰው ጉያዋ ተሸጉጦ ነበር። “ዓመት ሙሉ! መስቀሉን ማድረጌን እያስታወስኩ እንኳ፣ ሌላ ያልጨረስኩት ይኖር ይሆን እላለሁ! የበየድኩትን በር ሁሉ ተመልሼ እየሄድኩ እደበድባለሁ፣ የሰው ቤት ውሻ እየጮኸብኝ! አንዲት ቃል! መኪና ውስጥ ስለ ዝናብ ከምታወሪ አንዲት ቃል ብትዪኝ ምን ነበረበት? ያኔም ቢሆን እዋሽልሽ ነበር እኮ! አውቄ እዋሽልሽ ነበር!”

የያዘውን ጓንት ደረጃው ላይ ወረወረው። አንድ ሁለት ደረጃ ተንከባሎ ቆመ፤ ለመወርወር እንኳ የማይመች ነገር ነው። እታለም ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፣ ፊቷ ላይ ግን ከአደጋው ወዲህ ያልታየ ዕረፍት አለ።

“ቀጥል” አለችው። “ሁሉም ‘እግዜር ይማርሽ’፣ ሁሉም ‘አይዞሽ’፤ ዓመት ሙሉ የሚቆጣኝ አንድ ሰው አጣሁ። ዳኛዋም እንኳ አልተቆጡኝም።” አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። “ሄጄ ለጠበቃዋ ልንገራት? ብሩ ይመለስ?”

“ቀልድሽን ነው?” አለ እየጮኸ። “ሆስፒታል ትገቢያለሽ! እጅሽ ይታከማል! እኔ ስሜን የሸጥኩት ለምን መሰለሽ? ድነሽ ውጪና ያኔ በደንብ እንጣላለን! አሁን ባንዲት እጅ ምን ብዬ ልጣላሽ!”

የብየዳ ማስኩን አጠለቀና ቋሚው ላይ ተንበረከከ። ብየዳውን ሊያስነሣ ሲል እጁ ተንቀጠቀጠ። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ተንቀጠቀጠ። መላ አካሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከማስኩ በታች የሚንጠባጠበው ላብ ብቻ አልነበረም። በዚህ እጅ የተበየደ ነገር ላይ ሰው አይደገፍበትም።

ማስኩን አወለቀ። ቋሚውን በገመዱ አጥብቆ መልሶ አሰረው፣ ከኪሱ ጠመኔ አወጣና መስቀል አደረገበት፤ አንድ ወዲህ፣ አንድ ወዲያ። ዕቃውን እዚያው ትቶ ወረደ፣ አጠገቧ ሲያልፍም ቀና ብሎ አላያትም። በሩ ላይ ደርሶ ዞረ።

“ነገ ጠዋት መጥቼ እጨርሰዋለሁ። እንዳትነኪው!”

“አልነካውም፣ ማሙሽ።”

“እንዳትነኪው ነው ያልኩሽ!”

በሩን በኃይል ዘግቶ መኪናው ውስጥ ገባ፣ ቁልፉንም ሳያዞር ብዙ ተቀመጠ። በማግስቱ ሲመለስ ቤቱ በሙሉ ተወልውሎ ነበር፤ መደገፊያውም ከታች ጀምሮ ተወልውሏል። መስቀሉ ካለበት ቦታ ጥቂት ዝቅ ብሎ ግን ጨርቁ ቆሞ፣ ከዚያ በላይ አቧራውም ነጩ መስቀልም እንዳሉ ነበሩ።